የኤክስሬይ ጊዜ የሚቆጠረው ከየት እስከ የት ነው?

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ያላችሁ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ ነው፦ «100 ሚሊሰከንድ ሞልተን መለኪያው 108 ካለ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ነው?» መጀመሪያ መለኪያው ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር እዩ።

በቲዩቡ (ጨረሩን በሚያመነጨው ቱቦ) ላይ ያለው ቮልቴጅ እንደ አምፖል ቦግ ብሎ ድርግም አይልም፤ ይወጣል፣ ይረጋል፣ ይወርዳል። የተለመደው ደንብ ከጫፉ (ከሚደርስበት ከፍተኛ ቮልቴጅ) 75 በመቶ ሲደርስ ቆጠራ መጀመር፣ በመጨረሻ ከዚያው በታች ሲወርድ ማቆም ነው። በ80 ኪሎቮልት የመቁጠሪያው መስመር 60 ኪሎቮልት ነው። መለኪያው 10 በመቶ ላይ ከተሞላ ግን ከ8 ኪሎቮልት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጅራቱንም አብሮ ይደምራል።

ጅራቱ ጄነሬተሩ ከተቋረጠ በኋላ ኬብሉ ውስጥ የቀረው ቻርጅ በቲዩቡ በኩል ቀስ ብሎ ሲያልቅ የሚታየው ነው። ሚሊአምፒሩ (በቲዩቡ የሚያልፈው ከረንት) ሲያንስ፣ ኬብሉም ሲረዝም ይረዝማል። ስለዚህ በ50 ሚሊአምፒር የታየው ትርፍ በ300 ሊጠፋ ይችላል። አጭር ጊዜ ላይ ነው የሚያሳስተው፦ ያቺው 8 ሚሊሰከንድ በ20 ሚሊሰከንድ ላይ 40 በመቶ ናት!

በአሮጌው ባለአንድ ፌዝ ማሽን (ሁለቱንም የሞገድ ግማሾች የሚጠቀም ሙሉ ሬክቲፋየር ካለው) ሞገዱን በኦሲሎስኮፕ አይቶ ጉብታ መቁጠር ይቀላል። መብራታችን 50 ሄርትዝ ስለሆነ አንዱ ጉብታ 10 ሚሊሰከንድ ነው።

የሚፈቀደው ልዩነት ግን እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ከማኑዋሉ ተመልከቱ።