ጎልፍና ጉብኝትን ያጣመረ የሐሩር አገር ዕረፍት ምንድን ነው?

ጎልፍና ጉብኝትን ያጣመረ ዕረፍት የሚባለው፣ ተጓዡ በአንድ ጉዞ ውስጥ በተለያዩ የጎልፍ ሜዳዎች እየተጫወተ የሄደበትን አገር ቅርስ፣ ተፈጥሮና የከተማ ሕይወትም የሚያይበት የጉዞ ዓይነት ነው። ለውድድር ብቻ ከሚደረግ ጉዞ የሚለየው ሜዳው ብቸኛ መድረሻ ባለመሆኑ ሲሆን፣ ከተለመደው ጉብኝት የሚለየው ደግሞ የጨዋታው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ተይዞ ሌላው መርሐ ግብር በዙሪያው የሚደለደል በመሆኑ ነው። ይህ ጉዞ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል፤ በዚሁ ሥራ የተሰማሩ አስጎብኚ ድርጅቶች ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው። ታይላንድ፣ ቬትናም፣ ሞሪሸስና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለዚህ ዓይነት ዕረፍት ከሚመረጡት የሐሩር አገሮች መካከል ናቸው።

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ስመ ጥር ሜዳዎችን በአንድ ወገን፣ ስመ ጥር የጉብኝት ቦታዎችን በሌላ ወገን ጽፎ፣ ሁለቱን ባሉት ቀኖች ላይ በማካፈል ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ እዚያ ሲደረስ ግን ይፈርሳል። በሐሩር አገር ቀድሞ የሚያልቀው የቀኑ ብርሃን፣ ከብርሃኑም ውስጥ ሙቀቱ የማያደክምበት ክፍል ስለሆነ፣ ዕቅዱ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

18 ቀዳዳዎችን የሚሸፍን አንድ ዙር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ በላይ ከሆቴሉ ወደ ሜዳው የሚደረገው መንገድ፣ ከመጀመሪያው ምት በፊት ለማሟሟቅ የሚውለው ጊዜ፣ ከጨዋታው በኋላ ገላን መታጠብና መመገብ ሲጨመሩ አንድ ዙር በቀላሉ 6 ወይም 7 ሰዓት ይበላል። በአውሮፓ ሰሜናዊ አገሮች የበጋ ቀን በጣም ረጅም በመሆኑ፣ ጠዋት ቤተ መዘክር ጎብኝቶ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዙር መጫወት አያስቸግርም። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቁ አገሮች ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝታም አጭር ነው። ስለዚህ በቀን ሁለት ዙር መጫወት ይቻላል ብሎ የሚነሳ ተጓዥ፣ የዚያን ቀን ጉብኝት ሙሉ በሙሉ እንደሰረዘ ቢቆጥር ይሻላል። በእኔ ግምት ለዚህ ዓይነት ዕረፍት የሚስማማው ልክ፣ በቀን ቢበዛ አንድ ዙር፣ በሁለት የጨዋታ ቀኖች መካከልም አንድ ጨዋታ የሌለበት ቀን ነው።

ዙሩን ጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ ማድረግ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከሙቀት ባሻገር የዝናብም ጉዳይ ነው። በዝናብ ወራት ምድሪቱ ከጠዋት ጀምሮ ስትሞቅ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይሆናል። መብረቅ በጎልፍ ሜዳ ላይ ትልቅ አደጋ ነው፤ ተጫዋቹ በገላጣ ቦታ የብረት ዱላ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ነውና። የጎልፍ ሕግም ይህን ከግምት አስገብቷል፦ ተጫዋች መብረቅ አለ ብሎ ካመነ በራሱ ውሳኔ ጨዋታውን ማቆም ይችላል፣ የውድድሩ ኮሚቴ ወዲያውኑ እንዲቆም ካዘዘ ደግሞ አንድም ምት ሳይጨምር ማቆም አለበት። ንጋት ላይ የሚጀምር ተጫዋች ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ጨርሶ ስለሚወጣ፣ ዋጋ በሚቀንስበትና ሜዳ በሚለቀቅበት የዝናብ ወቅት እንኳ ጥሩ ዕረፍት ሊያሳልፍ ይችላል። አመሻሹን የሚመርጥም ይኖራል፤ ብዙ ሜዳዎች ለዚያ ሰዓት ዝቅ ያለ ክፍያ የሚጠይቁት ግን ዙሩ ሳያልቅ ሊጨልም እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው።

ወቅቱን ለመምረጥ የአገሩን ስም ማወቅ አይበቃም። በታይላንድ ውስጥ ብቻ እንኳ በምዕራብ በኩል ያለችው ፉኬት በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሲዘንብባት፣ በምሥራቅ በኩል ባለው ባሕረ ሰላጤ የምትገኘው የሳሙይ ደሴት ከባዱን ዝናቧን የምታገኘው ፉኬት መድረቅ ስትጀምር፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ነው። ሞሪሸስ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለምትገኝ ሞቃቱና አውሎ ነፋስ የሚያሰጋው ወቅቷ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። በካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ነው። በዓላትም እንዲሁ መታየት አለባቸው፦ በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ኒየፒ በተባለው የዝምታ ቀን መንገዱ ሁሉ ጭር ይላል፣ ጎብኚም ከሆቴሉ አይወጣም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ለአንድ ሙሉ ቀን ይዘጋል። ያን ቀን ለመጓዝ ያሰበ ሰው ዕቅዱ ከሥሩ ይናዳል።

ወቅቱ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ የከበደው ውሳኔ የማደሪያው ቦታ ነው። የሆቴሉ ደረጃ ከዚህ አንጻር ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው ጥያቄ ከማደሪያው እስከ ሜዳዎቹም እስከ ጉብኝት ቦታዎቹም ያለው መንገድ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ከባንኮክ በስተደቡብ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የታይላንድ የባሕር ዳር ከተማ ሁዋ ሂን ናት። የአገሪቱ የመጀመሪያው ደረጃውን የጠበቀ የጎልፍ ሜዳ የሚባለው ሮያል ሁዋ ሂን በ1924 የተከፈተው እዚህ ሲሆን፣ ንድፉ የባቡር መሐንዲስ በነበረ ስኮትላንዳዊ የተሠራ ነው። ሜዳው ከአሮጌው የእንጨት ባቡር ጣቢያ አጠገብ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የባንኮክን መኳንንት ወደዚህ ባሕር ዳር ያመጣው ባቡሩ ነበር፣ ሜዳውም ቤተ መንግሥቶቹም የተከተሉት ባቡሩን ነው። እዚህ የሚጫወት ሰው፣ ባያስበውም፣ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ጉብኝት ላይ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ደግሞ ጃክ ኒክላውስ የነደፈውን ስፕሪንግፊልድን፣ እንዲሁም ብላክ ማውንቴንንና ባንያንን የመሳሰሉ አዳዲስ ሜዳዎች አሉ። በምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች የክረምቱን ዝናብ በከፊል ስለሚያግዱላት፣ ከሌሎቹ የአገሪቱ የባሕር ዳርቻዎች ይልቅ ደረቅ ናት።

የሁዋ ሂን አካባቢ የጉብኝት ቦታዎችን በርቀታቸው ብቻ መደልደል ግን አይበቃም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ወደ ደቡብ በሚገኘው በሳም ሮይ ዮት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፍራያ ናኮን የተባለ ዋሻ አለ። ጣሪያው የተቀደደ ሲሆን፣ ከውስጡ ለንጉሥ ቹላሎንግኮርን ጉብኝት በ1890 የተሠራ ትንሽ ድንኳን መሰል እልፍኝ ቆሟል። ሰዎች የሚሄዱት የፀሐይ ጨረር በቀዳዳው ገብቶ በእልፍኙ ላይ ሲያርፍ ለማየት ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በጀልባ ወይም በእግር ወደ ባሕር ዳርቻው መድረስ፣ ከባሕር ዳርቻውም ድንጋያማውን ዳገት መውጣት ይጠይቃል። ይህ ጉብኝት ከጠዋት ዙር ጋር በአንድ ቀን ሊገጥም አይችልም፤ ከዳገቱ በኋላ ከሰዓት ለመጫወት የሚነሳ ሰውም ጉልበቱን ቀድሞ አራግፎ ይሄዳል። ስለዚህ ዋሻው ጨዋታ የሌለበትን ቀን ለብቻው ይወስዳል።

በአንጻሩ በሁዋ ሂንና በአጎራባቿ ከተማ በቻ አም መካከል የሚገኘው ምሪካታያዋን፣ ንጉሥ ራማ ስድስተኛ በ1920ዎቹ በቲክ እንጨት ያሠሩት የበጋ ቤተ መንግሥት፣ ቅርብ ስለሆነና ብዙ ጊዜ ስለማይወስድ የጠዋት ዙር በተጠናቀቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሊገባ ይችላል። በፔትቻቡሪ ኮረብታ ላይ ያለው የፍራ ናኮን ኪሪ ቤተ መንግሥት፣ ንጉሥ ሞንግኩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት፣ መንገዱ ረዘም ስለሚል ከባንኮክ ሲመጡ ወይም ሲመለሱ በመንገድ ላይ ማየቱ ይቀላል። ኮረብታውን ለመውጣት በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ ከዝንጀሮዎቹ ግን ቦርሳን መጠበቅ ነው። የሁዋ ሂን የሌሊት ገበያ ከጨለመ በኋላ የሚደምቅ ስለሆነ ከጨዋታው ጋር አይጋጭም። የጉብኝት ቦታዎችን እንዲህ በሰዓታቸው መለየት፣ በታዋቂነታቸው ደረጃ ከመደርደር የበለጠ ይጠቅማል።

ሞሪሸስ ላይ ነገሩ ይቀላል። ደሴቲቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በአንድ ማደሪያ ሁሉንም መድረስ ይቻላል፤ ሰዓት የሚበላው በርንሃርድ ላንገር የነደፈው የኢል ኦ ሰርፍ ሜዳ ነው፣ በጀልባ ካልሆነ አይደረስበትምና። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ፒት ዳይ ነድፎት በ1971 የተከፈተው፣ ብዙ ቀዳዳዎቹ ከባሕሩ ጫፍ ላይ የሚገኙት ‹የውሻ ጥርስ› የተሰኘው ሜዳ በላ ሮማና ትልቅ የመዝናኛ ግቢ ውስጥ ነው፤ በዚያው ግቢ የድሮ የአውሮፓ መንደር የሚመስል፣ አልቶስ ደ ቻቮን የተባለ ሠፈርም አለ። መንደሩ ውብ ነው፣ ግን የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ስለሆነ የአገሩን ታሪክ አየሁ ለማለት አይበቃም። የአገሩ ታሪክ ያለው በሳንቶ ዶሚንጎ አሮጌ ከተማ ነው፣ በ1990 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው፤ ለእርሱ አንድ ሙሉ ቀን ካልተመደበ፣ ጉዞው ከጎልፍ ግቢው አጥር ሳይወጣ ያልቃል።

የማይጫወት አብሮ ተጓዥ ሲኖር ዕቅዱ የሁለት ሰው ይሆናል። የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ በየማለዳው ለ6 ሰዓት ያህል በሆቴል መዋኛ ዳር እንዲጠብቅ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ማደሪያው ከሜዳው አጠገብ ሳይሆን ከከተማው አጠገብ ቢሆን፣ ተጫዋቹ በመኪና ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ በእግሩ ወጥቶ የራሱን ነገር ያያል። አብረው ሊያዩት የሚፈልጉት ዋና ቦታ ጨዋታ በሌለበት ቀን ላይ ቢውል ደግሞ ቅሬታ አይኖርም።

ስለ ዕቃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ 14 ዱላ ሲሆን፣ ከነቦርሳው ለአየር መንገድ ሻንጣ የተፈቀደውን ክብደት አብዛኛውን ስለሚወስድ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት አየር መንገዱ የስፖርት ዕቃን እንዴት እንደሚያስከፍል መጠየቅ ያሻል። ሁለት ዙር ብቻ ለመጫወት የሚሄድ ሰው እዚያው ቢከራይ ይቀለዋል። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለሜዳው፣ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ለቤተ መቅደሶቹ ግዴታ ነው፤ ሁለቱን የሚያሟላ አንድ ልብስ ማግኘትም አያስቸግርም። የሃንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር፣ ማረጋገጫ የሚጠይቁ ሜዳዎች ስላሉ መያዙ አይጎዳም። በታይላንድ አብዛኞቹ ሜዳዎች ያለ ካዲ፣ ማለትም ዱላ ከሚይዝና ተጫዋቹን ከሚያማክር ረዳት ውጭ፣ አያስገቡም፤ የካዲው ክፍያና ቲፕ ከሜዳው ክፍያ ተለይተው የሚታሰቡ ስለሆኑ በጀቱ ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለባቸው። ገንዘቡ ግን አይቆጭም። የሐሩር አገር ሜዳዎች የሚሸፈኑት ቤርሙዳና ፓስፓለም በተባሉ፣ ሙቀትን በሚችሉ ሣሮች ነው፤ በተለይ የቤርሙዳ ቅጠል ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ስለሚያድግ ቀስ ብላ ወደ ቀዳዳዋ የምትንከባለለውን ኳስ ከመስመሯ ያስታል፣ ይህን አቅጣጫ ደግሞ ከእንግዳው ይልቅ በየቀኑ የሚያየው ካዲ ያነብበዋል። እርጥብ አየር ኳስን ያከብዳል የሚባለው፣ በነገራችን ላይ፣ ትክክል አይደለም፤ የውኃ ተን ከደረቅ አየር ስለሚቀል፣ ሞቃትና እርጥብ አየር ኳሷን ጥቂት ያርቃታል። ኳሷ የምታጥረው ካረፈች በኋላ በረጠበው መሬት ላይ ስለማትንከባለል ነው።

ቦታ ማስያዙ ከባዱን በማስቀደም ይከናወናል። በቅድሚያ ወቅቱና በዓላቱ፣ ቀጥሎ ማደሪያው፣ ከዚያ የጠዋት የመጫወቻ ሰዓቶቹ ይያዛሉ፤ ጠዋቱን ሁሉም ስለሚፈልገው ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ጉብኝቶቹ በተረፈው ብርሃን ላይ ይደለደላሉ፤ እንደ ፍራያ ናኮን ያለ ሰዓቱ የማይለወጥ ቦታ ግን ከመጫወቻ ሰዓቶቹ እኩል ቀድሞ ቀኑን መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ቀን ከረጅም በረራ በኋላ ለመጫወት አይመችም፤ ሻንጣም ሊዘገይ ይችላል። የመጨረሻው ዙርም ከመነሻው በፊት ባለው ቀን ቢያልቅ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በሐሩር እርጥበት ጫማና ጓንት ለመድረቅ አንድ ሌሊት ይፈልጋሉ፣ አንዳንድ አገሮችም አፈር የያዘ ጫማና ዱላ በጉምሩክ ስለሚያስቆሙ ዕቃውን ሳይቸኩሉ ለማጠብ ጊዜ ያስፈልጋል።