የፓኬት መላኪያ ማሳወቂያ ምንድን ነው?

ቨርትአይኦ በሚባለው የቨርቹዋል መሣሪያዎች መስፈርት የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ «እንግዳ» ኮምፒውተር) የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ አይነካም፤ ፓኬቱን (በኔትወርክ የሚላከውን የዳታ ጥቅል) ከአስተናጋጁ (እሱን ከሚያስኬደው ኮምፒውተር) ጋር በሚጋራው ሜሞሪ ላይ ባለ ወረፋ ያኖርና «ሥራ አለ» ብሎ ያሳውቃል። የመላኪያ ማሳወቂያ የሚባለው ይህ ጥሪ ነው። ጥሪው ግን በነጻ አይገኝም፤ ፕሮሰሰሩ የእንግዳውን ማሽን ሥራ አቋርጦ ወደ አስተናጋጁ ተሻግሮ ስለሚመለስ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ፓኬት አንድ ጥሪ ከተደረገ ከመላኩ ይልቅ መጥራቱ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል። ወፍጮው እየዞረ ሳለ ማሽላ ይዛ የመጣች ሴት ጆንያዋን ከሌሎቹ ኋላ ታስቀምጣለች እንጂ ባለ ወፍጮውን አትጠራም፤ መጥራት የሚያስፈልገው ሞተሩን አጥፍቶ ጓዳ ሲገባ ብቻ ነው። አስተናጋጁም ሥራ ላይ ሳለ «አትጥሩኝ» የሚል ምልክት ያኖራል፣ እንግዳውም ምልክቱን አይቶ ፓኬቱን ብቻ ወረፋ ያስይዛል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ባለ ወፍጮው ሊያርፍ ሲል ያለችው ቅጽበት ናት። ወረፋው ባዶ መሆኑን አይቶ ምልክቱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጆንያ ቢደርስ፣ ባለ ጆንያዋ ምልክቱን አምና ዝም ትላለች፣ እሱም ምንም እንደሌለ አምኖ ይተኛል፤ ሌላ ጠሪ እስኪመጣ ድረስ እህሉ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ አስተናጋጁ አስቀድሞ ምልክቱን ማንሣት፣ ከዚያም ወረፋውን ዳግመኛ ማየት አለበት፤ እንግዳውም በበኩሉ ፓኬቱን ካስመዘገበ በኋላ ነው ምልክቱን የሚያነበው። ፕሮሰሰሮች የመጻፍንና የማንበብን ቅደም ተከተል ሊያዛቡ ስለሚችሉ በሁለቱም በኩል የሜሞሪ አጥር (ቅደም ተከተሉን የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ይደረጋል፤ ይህ አጥር የጎደለበት ኮድ ለቀናት በሰላም ሠርቶ ድንገት ስለሚቆም ስሕተቱን መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ከምልክቱ የተሻለው ዘዴ ቁጥር መጻፍ ነው፤ አስተናጋጁ «ወረፋው እዚህ ቁጥር ሲደርስ ጥሩኝ» ይላል። ፓኬቱ ተልኮ ሲያበቃ አስተናጋጁ ለእንግዳው በኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው በሚያቋርጥ ምልክት) የሚመልሰው ማሳወቂያም በዚሁ መንገድ ይቀነሳል፤ በእንግዳው ውስጥ ያለው የሊኑክስ ድራይቨር (የኔትወርክ ካርዱን የሚያዝ ፕሮግራም) ወረፋው ሲጨናነቅ ገና ካላለቁት ፓኬቶች ሦስት አራተኛው እስኪያልቅ ድረስ ኢንተራፕቱ እንዲዘገይ ይጠይቃል።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) «ተከታይ ፓኬት አለ» ብሎ ለድራይቨሩ ስለሚነግረው፣ ጥሪው ለመጨረሻው ፓኬት ሊቆይ ይችላል።

ጥሪን በሰዓት ማዘግየትን ግን አልደግፍም። ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው በኪዩኤምዩ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የሰዓት አማራጭ በነባሪ ቅንብሩ 150 ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል፤ ብዙ ዳታ ለሚያጓጉዝ ማሽን ይጠቅም ይሆናል፣ አንድ አጭር ጥያቄ ልኮ መልስ ለሚጠብቅ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ምልልስ ያዘገያል። በቁጥሩ ዘዴ አስተናጋጁ ሥራ ፈት ከሆነ የመጀመሪያው ፓኬት ወዲያው ይጠራዋል፤ ጥሪ የሚቀረው እሱ ሥራ ላይ ሳለ ለሚደርሱት ብቻ ነው።