ፊታቸውን ያላየናቸው ወንድሞችና እህቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆላስይስን ምእመናን ፊታቸውን አላየም። እስር ላይ ሆኖ ግን «በሥጋ ምንም እንኳ ከእናንተ ጋር ባልሆን፥ በመንፈስ ከእናንተ ጋር ነኝ» ብሎ ጻፈላቸው (ቆላ. 2፥5)፤ መልእክቱ በሎዶቅያም እንዲነበብ አዘዘ። ቅዱስ ዮሐንስ ደግሞ ብዙ የሚጽፈው እያለው በወረቀትና በቀለም መጻፉን ትቶ፣ ደስታችን ፍጹም እንዲሆን መጥቼ አፍ ለአፍ እነግራችኋለሁ አለ (2 ዮሐ. 12)። ሁለቱንም ቃል አብረን እንያዝ። በየአገሩ ተበትነን ሳለ በስልክ ተገናኝተን የምንጸልይበትና የምንማርበት ጉባኤ የዘመናችን መልእክት ነው። ሥጋውና ደሙ ግን በስልክ አይደርስም፤ ቤተ ክርስቲያን በደጃፉ ያለ ሰው ጉባኤው ቅዳሴን እንዲተካለት አይፍቀድ። ሳዑዲ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሌላት እህት ግን ይህ ጉባኤ ቀላል ነገር አይደለም።

ማኅበሩ ትንሽ ይሁን። እንደ ጽዋ ማኅበር ከ12 እስከ 15 ሰው ቢሆን የቀረው ይታወቃል፤ መቶ ሰው በገባበት ግን ማን እንደ ጠፋ የሚያስተውል የለም። 15 ከሆናችሁ ዳዊትን ተካፈሉ። መዝሙረ ዳዊት «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይዟል። አንድ አንድ ንጉሥ ብትደግሙ ዳዊት በአንድ ቀን ተደገመ ማለት ነው። 12ኛውን ንጉሥ ጊዜ ላለው ስጡ፤ ብቻውን 176 ቁጥር ያለው መዝሙር 118 እዚያ ውስጥ ነው። ይህን ሳያስቡ ሥራ ለሚበዛባት እህት ሰጥተው፣ እርሷም ሳትጨርስ አፍራ ከማኅበሩ የምትቀርበት ጊዜ አለ።

ሰዓቱን ስትናገሩ «3 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሪያድም 3 ነው፤ ዱባይ 4 ነው። ዋሽንግተን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 7 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ሰዓት በሚቀየርበት ሳምንት አስታውሱ።

የጉባኤው ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ የወንጌል ምዕራፍ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን ትምህርት፣ ከዚያ የስም ጸሎት። 40 ደቂቃ ይበቃል። ሲረዝም ደክማ የዋለችው እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ነገም ለመግባት ትሰንፋለች።

መዝሙርና አቡነ ዘበሰማያት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሁሉም ማይክ ከፍቶ አብሮ ሲል፣ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ ዜማው ይተራመሳል። አንድ ሰው ይምራ፤ የቀረው ማይኩን ዘግቶ ባለበት ድምፁን አውጥቶ ይቀበል። ማውጣት የማይችልም አለ። አሠሪዎቿ በሚቀጥለው ክፍል የተኙባት እህት፣ ማዳመጫዋን በአንድ ጆሮዋ አድርጋ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና «አሜን» ብላ ትጽፋለች። መሪው ያን «አሜን» አይቶ በክርስትና ስሟ ይጥራት፦ «ወለተ ሚካኤል፣ ሰምተንሻል»። ለዚች እህት የምሽቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ከስብከቱም ይበልጥባታል ብንል አላበዛንም።

በክርስትና ስም መጠራራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንነቷን ይሸፍንላታል። ጉባኤውን አትቅረጹ፣ የተሳታፊዎችን ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ኃጢአት በማኅበር ፊት አይዘረዘር፤ ለንስሐ አባት ለብቻ ይነገራል። የማታውቁት ሰው «አጠምቃለሁ፣ ስለት አደርሳለሁ» ብሎ በውስጥ መስመር ገንዘብ ቢጠይቅ አትላኩ፤ ለማኅበሩ ሙሴ (ለመሪው) ንገሩ፣ እርሱም ያስወጣው።

ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ ካለ፣ በቡድኑ ላይ «የት ጠፋህ» ከማለት አንድ የሚቀርበው ሰው ለብቻው ይደውልለት። ከመካከላችሁ ለዕረፍት አገር ቤት የሚገባ ሲኖር ደግሞ የሁላችሁን የክርስትና ስም ጽፎ ይያዝና በደብሩ ለካህኑ ይስጥ፤ ቅዳሴው ላይ ስማችሁ ይጠራል።