ጠጥቶ በማሽከርከር የተቀጣ ሰውና የፖሊስነት ምልመላ በጎጃም

ጠጥቶ በማሽከርከር የተቀጣ ሰው ፖሊስ መሆን ይችላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ቸኩሎ «አይችልም» ይላል። ጉዳዩ ግን በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ጥፋት አንዳንድ ጊዜ በቅጣት ወረቀት የሚያልቅ የትራፊክ ደንብ መተላለፍ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ ስለሚገኝ፣ የአመልካቹ ዕጣ የሚወሰነው በመጠጣቱ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱ በየትኛው መዝገብና በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደ ሰፈረ ታይቶ ነው።

ጎጃም እንደ ቀድሞው የአንድ ክፍለ ሀገር ስም መሆኑ ቢቀርም፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም እንዲሁም አዊ በአማራ ክልል ሥር የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ የአካባቢው ወጣት ፖሊስ ለመሆን ሁለት በሮች አሉት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ስለ ሰጣቸው፣ አንዱ በር የአማራ ክልል ፖሊስ ነው፤ የክልሉ ፖሊስ ኮሌጅም የሚገኘው እዚያው ጎጃም ውስጥ፣ የጥንቱ መንቆረር በሆነው በደብረ ማርቆስ ከተማ ነው። ሁለተኛው በር የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚገባ ሰው ዐባይን ተሻግሮ ይሄዳል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር የምልመላውን ወቅትና ቦታ ቢያናጋውም የመስፈርቶቹ ጠባይ ብዙም አልተለወጠም።

የምልመላ ማስታወቂያ ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃን፣ ቁመትንና ጤንነትን ከዘረዘረ በኋላ ለዚህ ጉዳይ ዋና የሆኑትን ሁለት መስመሮች ያስከትላል፤ አንዱ አመልካቹ በወንጀል ተከሶ ያልተፈረደበት እንዲሆን፣ ሌላው ደግሞ ከደባል ሱስ የጸዳ እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። አንባቢው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል፤ ነገር ግን የሚጣሩበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የሚጠየቀው ከአሻራና ከፍርድ መዝገብ ሲሆን ሁለተኛው የሚጠየቀው ከጎረቤት ነው። አንድ ጊዜ ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ሰው ሱሰኛ ላይሆን ይችላል፤ ማታ ማታ ከአረቄ ቤት የማይጠፋ ሰው ደግሞ መሪ ጨብጦ ስለማያውቅ ብቻ አሻራው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጠጥቶ ማሽከርከርን ይከለክላል። ደንቡ የሚያየው በሰውነት ውስጥ የተገኘውን የአልኮል መጠን እንጂ የመጠጡን ስም ስላልሆነ፣ የተዝካር ጠላም ሆነ የዳጉሳ አረቄ፣ ጠጅም ሆነ ቢራ ልዩነት አይፈጥርም። ይህን መናገር የሚያስፈልገው በአካባቢው ጠላን ከመጠጥ የማይቆጥር ሰው ብዙ በመሆኑ ነው። ደጀን ላይ ተነሥቶ ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርድ የአይሱዙ ሹፌር ግን አንድ ዋንጫ ጠላ በፍሬኑና በእግሩ መካከል ምን እንደሚሠራ ያውቀዋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አንድ ጊዜ የዘገየ እግር የሚመለስበት ቦታ የለውም። ማንም ሳይጎዳ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው ሹፌር በገንዘብ ይቀጣል፤ ጥፋቱም በነጥብ ይያዝበታል። ይህ በመንጃ ፈቃዱ ፋይል ላይ የሚቀር ነገር ነው።

ሰው ሲሞት ነገሩ ይለወጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ ጥፋተኛው አልኮል ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ ከነበረ፣ ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዛል። በዚህ አንቀጽ የተፈረደበት ሰው «በወንጀል ተከሶ ያልተፈረደበት» የሚለውን መስመር አያልፍም። ቅጣቱ በገደብ ቢታገድለትም እንኳ ጥፋተኛ ከመባል እንዳልዳነ ማወቅ ይገባዋል፤ ገደብ ከወህኒ ያስቀራል እንጂ ነፃ ወጥቷል አያሰኝም። በገደብ የተለቀቁ ሰዎች «እኔ እኮ አልታሰርሁም» እያሉ ቅጽ ላይ «የለም» የሚለውን የሚመርጡት ይህን ባለመለየት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሕጉ ራሱ የከፈተው በር ነው፤ ከክሱ አንቀጽ ይልቅ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» ስለሚባል ሥርዓት ይደነግጋል። የተቀጣ ሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለፍርድ ቤት አመልክቶ፣ በጠባዩ ታርሞ መገኘቱን አሳይቶ፣ ቅጣቱ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ለጽኑ እስራት ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ለቀላል እስራትና ለመቀጮ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ተፈጽሞ ካለቀበት ጀምሮ ነው። አመልካቹ በዚህ መካከል መልካም ጠባይ ያሳየ፣ የሚችለውን ያህልም ለተጎጂው ካሳ የከፈለ መሆን አለበት። ሕጉ መሰየምን የሚሰጠው እንደ መብት ሳይሆን ለሚገባው ሰው እንደሚገኝ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ደረሰ ብሎ ባዶ እጁን የሚቀርብ ሰው ሊመለስ ይችላል። የተሳካለት ግን ቅጣቱ ከመዝገብ ተሰርዞ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠርለታል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሣሥቶ አሮጌውን ፍርድ እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። በጎጃም፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌ ተልኮ ካሳ ተከፍሎ እርቅ ሲወርድ ነገሩ ዳግመኛ እንዳይነሣ በሚማማሉበት አገር፣ ይህ ድንጋጌ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ነገር ግን የሽማግሌ እርቅ የፍርድ ቤትን መዝገብ አይፍቅም፤ የሟች ቤተ ሰብ ይቅር ያለው ሰው መሰየምን ሳይጠይቅ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ በአሻራው ይያዛል።

አሻራ የመስጠቱ ነገር ራሱ ሰውን ያስፈራል። ዐሥሩም ጣቶች ተራ በተራ ቀለም ተነክተው ወረቀቱ ላይ ሲንከባለሉ፣ በእርሻና በግንባታ ሥራ የሻከረ እጅ መስመሩ አልወጣ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ያኔ ጥፋት የሌለበት ወጣት እንኳ ግንባሩ በላብ ይርሳል። ፍርድ ያለበት ደግሞ በስሙ አጻጻፍ ወይም በአያቱ ስም መለወጥ ሊያመልጥ ቢሞክር ጣቱ ይናገርበታል።

መደበቅ ከጥፋቱ የባሰ ጉዳት የሚያመጣው በዚህ ደረጃ ነው። ፖሊስ በፍርድ ቤት ምሎ የሚመሰክር ሰው እንደመሆኑ፣ የሐሰት ቃል በቅጹ ላይ የሰጠ አመልካች የሚጠረጠረው በመጠጥ ሳይሆን በታማኝነቱ ነው። በተጨማሪም የቀበሌ ማስረጃ አለ። አመልካቹ ያደገበት ቀበሌ ስለ ሥነ ምግባሩ የሚጽፈው ደብዳቤ በትንሽ ከተማ ከአሻራ ያላነሰ ክብደት አለው፤ ባጃጁን ሰክሮ ቦይ ውስጥ የከተተበትን ቀን የማያስታውስ ሰው በሰፈሩ አይገኝምና። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በቅጣት ወረቀት ብቻ ያለቀ የቆየ ጥፋት ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ነገሩን ቢያስረዳ ይሻለዋል።

ሌሎች አገሮች መስመሩን ያሰመሩት በሌላ ቦታ ነው። በአሜሪካ ፖሊስ የሚቀጥረው እያንዳንዱ ከተማና ግዛት በራሱ መስፈርት በመሆኑ፣ ማንም ያልተጎዳበት ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት በአንዱ ቦታ ከዓመታት በኋላ ሊታለፍ፣ በሌላው ሊያስቀር ይችላል። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ ሕግ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የተቀጣን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ስለሚከለክል፣ በእነዚህ የተቀጣ ሰው ለፖሊስነት ቢያመለክት ተስፋው የመነመነ ነው።

ለጎጃም አመልካች የመጀመሪያው ሥራ ምዝገባው ሳይደርስ የፈረደበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዶ የፍርዱን ግልባጭ ማውጣት ነው። ሰዎች ስለ ጉዳያቸው የሚያስታውሱት የታሰሩበትን ቀንና የከፈሉትን ብር ሲሆን፣ መልማዩ የሚያነበው ግን በግልባጩ ላይ የተጠቀሰውን አንቀጽና ቅጣቱ ያበቃበትን ቀን ነው።