ባዮፊልም ምንድን ነው? አላይነርስ ለምን አይቀቀልም?

አላይነር ጥርስን ቀስ በቀስ ለማስተካከል በየተራ እየተቀየረ የሚለበስ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «አላይነር ማጽዳት ማለት ጀርም መግደል ነው፤ የፈላ ውሃ ገልብጡበት፣ በረኪና ጠብ አድርጉበት፣ በቃ!» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የተደረደረው ምስጋና ብዛቱ! ምክሩ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። እሱ ግን «ባዮፊልሙን ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎ ጨመረበት። ባዮፊልም እንደዚያ አይጠፋም።

በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት እንደሚደረግ፣ ለምግብ እንደሚወልቅ የሚያደርገው ሰው ያውቀዋል። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አላይነሩ አፍ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ የምራቅ ፕሮቲኖች ስስ ሽፋን ሆነው ይለጠፉበታል። በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎች መጥተው ይሰፍሩበታል። ከሰፈሩ በኋላ ሙጫ የመሰለ ነገር ያመነጫሉ፤ እዚያው ውስጥ ተቀብረው፣ ተደራርበው ይኖራሉ። ባክቴሪያውና ሙጫው አንድ ላይ ባዮፊልም ይባላል። ጥርስ ላይ ሲሆን ፕላክ የምንለው እሱን ነው።

የሊጥ ዕቃን አስቡ። እንጀራው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ዕቃው በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ሲቦካበት እርሾ ባይጨመርም ሊጡ ኩፍ ይላል። እርሾው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷላ! ውሃ በላዩ ያልፋል እንጂ አያነሣውም፤ በጣት ሲያሹት ነው የሚላቀቀው። አሁን እዚያ ዕቃ ላይ የፈላ ውሃ ገልብጡበት። የሊጡ ላይ ላዩ ይበስልና እንደ አብሲት ይጣበቃል፤ ከሥር ያለው ብዙም ሳይነካ ይቀራል። እሺ፣ ሁሉም ሞተ እንበል። የሞተው ሊጥ የት ሄደ? እዚያው ነው ያለው፤ ለነገው እርሾ መያዣ ሻካራ መሬት ሆኖ ይጠብቃል። ዕቃው ንጹሕ እንዲሆን መፈተግ አለበት፤ ይህን ሊጥ የምታቦካ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ሊቃውንቱ ‹ምሳሌ ዘየሐጽጽ› እንደሚሉት ይህም ጎዶሎ አለው። እርሾን የምንፈልገው ነገር ነው። የአፍ ባክቴሪያም ቢሆን ሁሉም ጠላት አይደለም፤ ጤነኛ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ስለዚህ አላይነራችሁ ከጀርም ፍጹም የጸዳ እንዲሆን አይጠበቅባችሁም። ቢሆንም እንኳ አፋችሁ ውስጥ በገባ ቅጽበት ያበቃለታል።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1683 ከገዛ ጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ ማጉያ አይቶ፣ ውስጡ የሚርመሰመሱትን ፍጥረታት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጽፏል። ኮምጣጤም ሞክሮበት ነበር፤ የገደለው ከላይ ከላይ ያሉትን ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ አስተዋለ። ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወደ ፈላው ውሃ ልመለስ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች፤ አላይነሩ አልገባ ብሏት። ፊት ለፊት ያለው በልኩ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ባለው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ግን በፕላስቲኩና በጥርሱ መካከል ክፍተት ይታያል። ቀኙን ስጫነው ግራው ይነሣል። እናትየው «ዶክተር፣ እኔ ነኝ የቀቀልኩላት። ጡጦ እየቀቀልኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት» አሉኝ። «እትዬ፣ ጡጦ ትንሽ ቢጣመም ወተቱ መውጣቱን አይተውም፤ ይሄ ግን ሥራው ቅርጹ ነው» አልኳቸው። አንድ አላይነር ጥርስን የሚገፋው ቢበዛ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አላይነሩ የፕላስቲክ ሉህ በሙቀት ለስልሶ በጥርሱ ሞዴል ላይ ተለጥጦ ነው የተሠራው፤ በሙቀት የመጣ ቅርጽ በሙቀት ይሄዳል። ለአላይነር ከሚውሉት ፕላስቲኮች አንዱ የሆነው ፒኢቲጂ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ ቶሎ ይፈላል፣ አይጎዳም» ያለኝም አለ። እውነት ነው፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ለማጣመም ከበቂ በላይ፣ የሕክምና ዕቃ ለማምከን ግን ከበቂ በታች! ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ ማምከኛ ማሽን) 121 ወይም 134 ዲግሪ የሚደርሰው በእንፋሎት ግፊት ነው። እሱም ቢሆን ያልታጠበ ዕቃ አይገባበትም። ደምና ምራቅ የነካውን መሣሪያ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አንነክረውም፤ ፕሮቲኑ ረግቶ ይጣበቃልና። ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ከዚያ ነው ወደ ማምከኛው የሚሄደው። ሆስፒታልን ምሳሌ አድርጎ ለሚከራከረኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው።

በረኪና አፍ ውስጥ ለሚውል ዕቃ አይሆንም። ፕላስቲኩን ይጎዳል፣ ድድ ያቃጥላል፤ በየሱቁ በላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው ደግሞ ምን ያህል እንደተበረዘ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር የሚደባልቅ ካለ እባካችሁ ተው በሉት፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የጥርስ ሳሙናም አልመክርም፤ ውስጡ ያለው መፈተጊያ ዱቄት ፕላስቲኩን ይጫጭረዋል፣ ጭረቱም ለባዮፊልም መደበቂያ ይሆናል። ከሰል ያለበትማ ይቅር።

ታዲያ በምን ይታጠብ? ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ለስላሳ ብሩሽ። ጠዋትና ማታ። ብዙ ሰው ውጭውን አሽቶ ይጨርሳል፤ ባዮፊልሙ የሚከማቸው ግን ውስጥ ነው። በተለይ አላይነሩ ጥርሱን እንዲይዝ ሐኪም ጥርስ ላይ የሚለጥፋቸው ትንንሽ ጉብታዎች የሚገቡባቸውን ጎድጓዳ ኪሶች ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩ። በጥፍር ጫር ስታደርጉት ነጭ ሊጥ የሚመስል ነገር ከወጣ፣ እስካሁን ስታለቀልቁ ነበር እንጂ አላጠባችሁም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብሆንም ይህን እላለሁ፤ ሥራው ከጀሪካን አንድ ኩባያ ውሃ አይፈጅም። እንዳወለቃችሁ ወዲያው ለቅለቅ አድርጉት፤ ከደረቀ በኋላ ትግል ነው።

በሳሙና የማይነሣ ነጭ ቅርፊት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከምራቅ የመጣ ማዕድን ነው፤ የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱበትን ቦታ ተከትሎ በታችኛው የፊት ጥርስ በስተጀርባና በላይኛው መንጋጋ በጉንጭ በኩል ይወጣል። ለእሱ አንድ እጅ ነጭ አቸቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ 20 ደቂቃ ያህል መንከር ያለሰልሰዋል። ከዚያም ብሩሹ ይከተላል። በደንብ ሳይታጠብ አይደረግ፤ አሲዱን ጥርስ ላይ ለብሳችሁ መዋላችሁ ነው።

ከአላይነሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ሥሩ ያለው ጥርስ ነው። አላይነር ሲደረግ ምራቅ እንደልቡ ጥርሱን አያጥብም። ጣፋጭ ጠጥቶ አላይነር መልበስ ስኳሩን ከባክቴሪያው ጋር መቆለፍ ነው። ባክቴሪያው ከስኳሩ አሲድ ይሠራል፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የበረታ ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራው የላይ ሽፋን) ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚወጣው ከዚያ ነው። (ከወንጂ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የመጣ ሰው ነጭና ቡናማ ምልክት ቢኖረው ብዙ ጊዜ የውሃው ፍሎራይድ ነው፤ በአላይነሩ አታመካኙ።) «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ፣ ምን ያቆሽሸዋል?» ለሚሉኝም፦ ውሃ ሳይጠጡ ሲዋል ምራቅ ይቀንሳል፣ ባዮፊልሙም ይብሳል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ከተራዘመ ደግሞ፣ አላይነሩ ወልቆ በሳጥኑ ይቀመጥ እንጂ እየጠጣችሁ አታድርጉት፤ ትኩስ ነው፣ ያቀልማል፣ ስኳርም አለበት። የእርድ አልጫውም ቢጫ ያደርገዋል። ብቻ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ፣ አላይነሩ በቀን ወልቆ የሚቆይባት ጥቂት ሰዓት እንዳታልቅባችሁ።

ለሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ የሚሸጡት በውሃ የሚሟሙ ክኒኖች አልፎ አልፎ ቢውሉ ችግር የለም። ብዙዎቹ ፐርሰልፌት ስላለባቸው ግን አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ሌላውም ከነከረ በኋላ በደንብ ያለቅልቅ። ብሩሹን አይተኩም። ያለፈውን አላይነርም አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የአሁኑ ቢጠፋ ወይም አንድ ሰው ቢቀቅለው፣ ሐኪማችሁ ጋ እስክትደውሉ ጥርሱን ባለበት የሚይዘው እሱ ነው።