«ፖሊሲ ላይ ነው የሚሰራው» ሲባል ምን እየሰራ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ አጂፕ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ «አንተማ ምን አለብህ፣ ወረቀት እየፈረምክ ትውላለህ» አለኝ። እኔ ደሞ በክልል መንግስት ስር ዕቅድና ፖሊሲ ክፍል ስድስት አመት ስሰራ ከመግቢያና መውጫ ሰዓት ፊርማ ሌላ የፈረምኩት ነገር ትዝ አይለኝም። የሚፈርመው ተሿሚው ነው፣ ባለሙያው ያዘጋጃል። ከዛ ወዲህ ሰው ስለዚ ስራ የሚለኝን ነገር ልብ ብዬ መስማት ጀመርኩ፣ እዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ፖሊሲ ማለት የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ነው»

ኧረ መጻፉማ መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት! ቀኑን የሚበላው ቁጥር ማሳደድ ነው። አንዴ ከአንድ ወረዳ የመጣ የቡና መሬት ሪፖርት ላይ አንዱ ቀበሌ ካምናው አራት እጥፍ አድጎ አገኘሁት፣ አለቃዬ ደስ ብሎት ፓወር ፖይንት ላይ ሊያስገባው ነበር፣ እኔ ግን አላመንኩትም፣ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም፣ በማግስቱ ደወልኩ፣ የግብርናው ልጅ መስክ ወጥቷል፣ በሶስተኛው ቀን ሳገኘው ለካ ገበሬው በጥማድ የነገረውን ሄክታር በሚለው ሳጥን ውስጥ ሞልቶታል። አራት ጥማድ ወደ አንድ ሄክታር ነው እንግዲህ፣ ገብቷችኋል። ሶስት ቀን ለአንዲት ቁጥር። ባትታረም ኖሮ ግን የሚቀጥለው አመት የችግኝ ዕቅድ በሷ ላይ ነበር የሚሰራው።

«ክልል ስራው የፌደራልን ሰርኩላር ወደ ታች ማስተላለፍ ነው»

ግማሽ እውነት አለው፣ ሸኚ ደብዳቤ ስንጽፍ የምንውልበት ቀን አለ አልዋሽም። ግን የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የኢኮኖሚ፣ የማህበራዊና የልማት ፖሊሲ ያወጣሉ ይላል፣ መሬት ደግሞ ፌደራሉ በሚያወጣው ህግ መሰረት ክልሉ ያስተዳድራል። ኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130ን በ1999 ያወጣው በዚ አካሄድ ነው። ፌደራሉ አጥሩን ይሰራል፣ ግቢው ውስጥ ምን የት እንደሚተከል የክልሉ ሰው ይጨነቃል።

ሌላ አገር ደሞ ክልል ከዚም በላይ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2016 ጥቅምት ላይ የአውሮፓ ህብረትና ካናዳ የንግድ ስምምነት ሊፈራረሙ ሲሉ የቤልጅየሟ ዋሎኒያ፣ ህዝቧ አራት ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ክልል፣ አልቀበልም ብላ ፊርማው ለቀናት ዘገየ። የመጨረሻው ቃል የፖለቲከኞቹ ነበር፣ ግን ያን ወፍራም ሰነድ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ «እዚህ ጋ ችግር አለ» የሚል ሰው ከስር ሳይኖር እንደዛ መከራከር አይቻልም።

«ይሄ ሁሉ ስብሰባ የኛ አገር በሽታ ነው፣ ውጭ የለም»

ጀርመንን እዩ። 16 ክልሎች አሏት፣ የክልል መንግስታት የሚወከሉበት ቡንደስራት የሚባል ምክር ቤት አለ፣ ኮሚቴዎቹ ውስጥ በአብዛኛው ቁጭ ብለው የሚከራከሩት ሚኒስትሮቹ ሳይሆኑ ባለሙያዎቹ ናቸው። አንድ ክልል ከ3 እስከ 6 ድምጽ አለው፣ ግን ሁሉም አንድ አይነት መሆን አለበት፣ መከፋፈል የለም። ስለዚ ድምጽ ከመሰጠቱ በፊት የአንዱ ክልል ሚኒስቴሮች እርስ በርስ ተጨቃጭቀው አንድ አቋም መያዝ አለባቸው፣ ይሄን የሚያስታርቀው ደሞ የታወቀ ነው፣ ባለሙያው።

ሳይስማሙ ሲቀር ምን ይሆናል? በፈረንጆቹ 2002 የስደተኞች ህግ ላይ የብራንደንቡርግ ክልል አንዱ ሚኒስትር «እደግፋለሁ» ሌላው «እቃወማለሁ» አሉ፣ ሰብሳቢው ድጋፍ ብሎ ቆጠረው፣ በዛው አመት ታህሳስ ላይ የህገ መንግስት ፍርድ ቤቱ ህጉን ሻረው። አስቡት፣ ያን ሁሉ ረቂቅ ያዘጋጁት ሰዎች እንዴት እንደሚያማቸው።

«በጀቱን እነሱ እንደፈለጉ ያከፋፍሉታል»

አይ። ፌደራሉ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ወረዳ ከደረሰው ብር ደሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ኬንያ ውስጥ ለ47ቱ ካውንቲዎች (የአካባቢ መስተዳድሮች) ከብሄራዊ ገቢ ቢያንስ 15 ከመቶ እንዲሰጥ ህገ መንግስቱ ራሱ ያዛል። ባለሙያው የሚጫወትበት ቦታ ጠባብ ነው።

«ትርጉም የጸሐፊ ስራ ነው»

ይሄ ያናድደኛል። ከፌደራል ሰነድ በአማርኛ ይመጣል፣ የኛ የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ አንዷ ቃል ስትዞር «ይችላል» የነበረው «አለበት» ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ይሄ ደሞ ለገበሬው የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። የካናዳዋ ኒው ብረንስዊክ ህጓን በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ታወጣለች፣ ሁለቱም እኩል ህግ ናቸው፣ አንዱ የሌላው ትርጉም ነው ተብሎ አይታለፍም።

«መመሪያው ከጸደቀ በኋላ ስራቸው አለቀ»

እንደውም ስልኩ የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ቀን ከወረዳ አንዲት ባለሙያ ደወለችልኝ፣ «ጋሼ፣ አንቀጹ ‹እንደ አግባቡ› ይላል፣ አግባቡ ምንድነው?» ዝም አልኩ። ረቂቁ ላይ ሁለት ቡድን መሪዎች ሳይስማሙ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ «እንደ አግባቡ» የምትለዋን ቃል ያስገባኋት ራሴ ነኝ።