ሁሉን አቀፍ ንድፍ በወሎ

ሁሉን አቀፍ ንድፍ ማለት ቤት፣ መንገድ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲታሰብ ከመነሻው ሕፃኑም፣ አዛውንቱም፣ ዊልቸር ተጠቃሚውም፣ ዓይነ ስውሩም እንዲገለገልበት አድርጎ መሥራት ነው። አካታች ዲዛይን የሚሉትም አሉ። ቁም ነገሩ ያለው «ከመነሻው» የሚለው ላይ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ በጓሮ በር የሚቀጠል ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መግቢያ) ከዚህ አይቆጠርም።

ስያሜውን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ነው። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በዊልቸር ይንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ 7 መርሆችን አወጣ። ከመርሆቹ አንዱ አንድ ነገር ሲሠራ ተጠቃሚውን ብዙ ጉልበት እንዳይጠይቅ ይላል። ደሴ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዋናው አስፋልት ዝቅ ባለው መሬት ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ሰፈሮች ግን ዳገቱን ተከትለው ሽቅብ ይወጣሉ። ከአስፋልት ወደ ቤት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የድንጋይ ደረጃ ወይም ቀጥ ያለ ኮብልስቶን ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጉሙ ተጨምሮበት ያንሸራትታል። እናት ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ትወጣዋለች። አባት ከዘራ ተደግፈው ይወጡታል። መሃል ላይ ቆም ብሎ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት መቀመጫ ወይም የሚያዝ ብረት ማግኘት ግን ይከብዳል። ባጃጅ ብዙ ሰው ገላግሏል፤ ደረጃ ላይ ግን ባጃጅም አይወጣም።

ስለ ራምፕ ሲነሳ «በዚህ ዳገት እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። በረንዳው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 6 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል? ሆኖም ዳገት የራሱ በረከት አለው። አስቀድሞ ከታሰበበት ምድር ቤቱ ከታችኛው መንገድ፣ ፎቁ ደግሞ ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል ሊገጥም ይችላል። ያኔ ሊፍት ሳይኖር፣ ደረጃም ሳይወጡ ወደ ሁለቱም ወለል ይገባል። ይህ የሚሆነው ግን መሬቱ ከመቆረጡ በፊት ከተወሰነ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ፣ ሰፋ ባለ ሜዳ ላይ ስለምትገኝ ሥራው እዚያ ይቀላል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዝዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። መጸዳጃ ቤትንም አልረሳም። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች።

ሐሳቡ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቁ የግብር (የግብዣ) አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንም የማይናቅበት፣ ሁሉም የሚስተናገድበት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ስም ለዚህ ሐሳብ ማግኘት ይቸግራል። በየገጠሩ ቤት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራው መደብ ሽማግሌውንም እንግዳውንም እኩል ያሳርፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያን ወጣቱም አረጋዊውም ካህን ይደገፉበታል፤ ስለዚህ መደገፍ እንደ ድካም አይታይም። በመስጊድም መቆም የማይችል ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል።

በሕክምናው በኩል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ አቅራቢያ ያለው ይህ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቃል። ሕመሙ የጣትን ስሜት ሊያጠፋ ስለሚችል የሚጠመዘዝ የበር እጀታ ያስቸግራል፤ በክንድ ገፋ የሚደረግ እጀታ ግን ለታማሚውም፣ ዕቃ ለያዘውም፣ ለሕፃኑም ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ብዙ ሰው ቆሰለ፤ በክራንችና በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድም በዛ።

ላሊበላ ለብቻው መታየት አለበት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ተሠርተው አለቁ ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። የማያከራክረው መውረጃው ነው፤ ደረጃው ያልተስተካከለ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ አንዳንዱም ጨለማ ዋሻ ነው። ለገና የሚመጣ አቅመ ደካማ በሰው ጀርባ ወይም በሰው እጅ ተደግፎ ይወርዳል። አለቱ መነካት የለበትም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና ስጋታቸው ይገባል። ነገር ግን አለቱን ሳይበሱ የሚቆም የእንጨት መደገፊያ፣ በዳሰሳ የሚታወቅ ትንሽ የቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ፣ ከላይ ከአፋፉ ላይ ጥላ ያለው ማረፊያና መመልከቻ ማዘጋጀት ይቻላል። ከላይ ሆኖ የቤተ ጊዮርጊስን የመስቀል ቅርጽ ማየት ሳይወርዱም የሚገኝ በረከት ነው።